384 የምትባለዋ ቁጥርና ሌሎች የመመረቂያ ጥናት ስህተቶች

«ናሙናህ ለምን 384 ሰው ሆነ?» ተብሎ የሚጠየቅ ተመራቂ አብዛኛውን ጊዜ «ቀመሩ ነው ያለው» ይላል። ቀመር ግን ያስላል እንጂ አይወስንም። ይህች ቁጥር የምትወጣው አራት ነገሮች አስቀድመው ሲወሰኑ ነው፦ የመተማመኛ ደረጃው 95 በመቶ (በቀመሩ ውስጥ 1.96)፣ የስህተት ህዳጉ፣ ማለትም ውጤቱ ከእውነተኛው እንዲርቅ የሚፈቀደው መጠን፣ 5 በመቶ (0.05)፣ የሚለካው ነገር በግማሹ ሰው ላይ ይገኛል ተብሎ ሲገመት (0.5)፣ የሚጠናውም ሕዝብ እጅግ ብዙ ሲሆን። 1.96 በራሱ፣ ከዚያ በ0.5፣ እንደገና በ0.5 ተባዝቶ ለ0.0025 (0.05 በራሱ ሲባዛ) ሲካፈል 384.16 ይመጣል። ናሙና ወደ ላይ ስለሚጠጋ በደንቡ 385 ነው።

ከአራቱ አንዱ ከተነቃነቀ ቁጥሩም ይነቃነቃል። የሚጠናው 600 ሠራተኛ ብቻ ከሆነ የውስን ሕዝብ ማስተካከያው (ሕዝቡ ትንሽ ሲሆን ናሙናውን የሚቀንሰው ስሌት) 385ን ወደ 235 ያወርደዋል። ሌላው የናሙና ቀመር፣ የያማኔ ቀመር፣ ለዚሁ 600 ሰው 240 ይሰጣል። ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ በምዕራፍ ሦስት (በጥናት ዘዴው) አንዱን፣ በማጠቃለያው ሌላውን መጥቀስ ግን አያስኬድም። መጠይቁን የማይመልሱ 10 በመቶ ይኖራሉ ተብሎ ከተገመተ 235 ለ0.9 ይካፈላል፤ 262 ይሆናል። ብዙዎች የሚያደርጉት 10 በመቶ መደመር ነው፤ 259 ይሰጣል፤ ከዚያ ላይ አንድ አሥረኛው ሲቀር 233፣ ከተፈለገው በታች።

ይህ ሁሉ ትንሹ ጉዳይ ነው። ትልቁ፣ ቀመሩ የሚያገለግለው «ከሕዝቡ ስንት በመቶው?» ለሚል ጥያቄ፣ ያውም ሰዎቹ በዕጣ ሲመረጡ መሆኑ ነው። 385 መጠይቅ ይዞ በር ላይ ቆሞ ላለፈ ላገደመው ማደል ዕጣ አይደለም። ምርጫው በክፍል ወይም በመንደር ከሆነ ደግሞ አንድ ቦታ ያሉ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ ናሙናውን በ1.5 ወይም በ2 ማባዛት የተለመደ ነው። ሁለት ቡድን ማወዳደር የራሱ ስሌት አለው፤ ለምሳሌ የመደበኛ ልይይቱን (መረጃው ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቅበትን መጠን) ግማሽ የሚያህል የአማካይ ልዩነት በ80 በመቶ ዕድል ለማግኘት በየቡድኑ 64 ሰው ያስፈልጋል። ለጥልቅ ቃለ መጠይቅማ ጨርሶ ቦታው አይደለም፤ እዚያ የሚቆመው አዲስ ሐሳብ መምጣት ሲያቆም ነው። 12 ሰው ያነጋገረ ጥናት ላይ የመቶኛ ቀመር ተለጥፎ ያየ ፈታኝ የቀረውን ምዕራፍ በጥርጣሬ ነው የሚያነበው።

ባዶ ሠንጠረዥ ሳይሠሩ መጠይቅ ማባዛት ሁለተኛው ስህተት ነው። ለእያንዳንዱ ዓላማ ውጤቱ የሚቀመጥበትን ሠንጠረዥ አስቀድማችሁ ሥሩ፤ ርእሱ፣ ረድፉና ዓምዱ ተጽፎ ቁጥሩ ብቻ ይቅር። የትኛውም ሠንጠረዥ ውስጥ የማይገባ ጥያቄ ይሰረዝ፤ ጥያቄ ያላገኘ ሠንጠረዥ ካለ ጥያቄው ይጻፍለት። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ይህ ሲዘለል ዕድሜ «18–25፣ 25–30» ተብሎ ይጠየቃል፤ የ25 ዓመቱ ሰው ሁለት ሳጥን ያገኛል፣ ትክክለኛ አማካይ አይሰላም፣ መላሾቹ ተማሪዎች ከሆኑም ሁሉም ለማለት ይቻላል አንድ ሳጥን ውስጥ ይከተታሉ። ዕድሜን በቁጥር መጠየቅ ሦስቱንም ይፈታል። መረጃው ካለቀ በኋላ ወደ ስታቲስቲክስ ባለሙያ መሮጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

«አገልግሎቱ ፈጣንና ርካሽ ነው» አንድ ሳይሆን ሁለት ጥያቄ ነው፤ ለዩት። ባለ 5 ነጥብ መለኪያ ላይ በአሉታ የተጻፉ ጥያቄዎች ከመደመራቸው በፊት መልሳቸው ከ6 እየተቀነሰ ይገለበጣል፤ 2 የነበረው 4 ይሆናል። ሳይገለበጡ ሲቀሩ የክሮንባክ አልፋ (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚለካው ቁጥር) ይወድቃል፣ ከዜሮ በታችም ሊወርድ ይችላል። ያኔ ተማሪው «የተለመደውን ወለል፣ 0.7ን፣ አልሞላም» ብሎ ደህናዎቹን ጥያቄዎች ይሰርዛል፤ ያሳዝናል።

የሥነ ምግባር ፈቃድ ከመረጃ ስብሰባ በፊት ነው የሚወጣው፤ ወደ ኋላ የሚሠራ ፈቃድ የለም።

ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚደጋገመው ስህተት የውሸት ድግግሞሽ ነው፤ የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ኸርልበርት በ1984 በስሙ ጠርቶ ቢያወግዘውም ዛሬም አለ። አንድ ማሰሮ ውስጥ የበቀሉ 10 ችግኞች ማዳበሪያን ለመፈተን 10 ናሙና አይደሉም። ውሃቸው፣ አፈራቸውና ብርሃናቸው አንድ ስለሆነ የሚቆጠሩት እንደ አንድ ነው። ማዳበሪያው የተሰጠው ለማሰሮው ነውና የሚቆጠረው ማሰሮው ነው። ከአንድ ቱቦ ሦስት ጊዜ ማንበብም የመሣሪያውን ወጥነት ይነግራል እንጂ ሦስት ሙከራ አይሆንም።

ማቅጠንም ላይ ተጠንቀቁ። አሥር እጥፍ ማቅጠን ማለት 1 ሚሊ ሊትር ናሙና ከ9 ሚሊ ሊትር ማቅጠኛ ጋር ነው። 10 ሚሊ ሊትር የጨመረ ሰው አሥራ አንድ እጥፍ አቅጥኗል፤ ሦስት ጊዜ ሲደግመው 1,000 እጥፍ ያለው 1,331 ሆኗል፤ በ1,000 ሲያባዛም እውነተኛውን መጠን ሩብ ያህል አሳንሶ ይጽፋል። የብርሃን መምጠጥ ንባብ ከከፍተኛው ስታንዳርድ (መጠኑ ከሚታወቀው ማነጻጸሪያ) በላይ ከወጣ ደግሞ የማነጻጸሪያውን መስመር በማስመሪያ አታርዝሙት፤ ናሙናውን አቅጥኑና እንደገና ለኩ።

ያልተመለሰ ጥያቄን 99 ብሎ መመዝገብ ችግር የለውም፤ ለሶፍትዌሩ አለመንገር ነው ችግሩ። ከ50 ሰዎች 48ቱ በአማካይ 21 ዓመት ሆነው ሁለቱ 99 ከተባሉ አማካዩ 24.12 ይሆናል። ስለዚህ ከማንኛውም ትንተና በፊት የየዓምዱን ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ተመልከቱ።

የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ ኤስፒኤስኤስ 0.000 ብሎ ያወጣው ፒ (በእውነት ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣቱ ዕድል) ዜሮ አይደለም፤ «ከ0.001 በታች» ተብሎ ይጻፋል። ፒ ከ0.05 ሲበልጥም «ልዩነት የለም» አይባልም፤ ሊባል የሚችለው በዚህ ናሙና ልዩነት አልተገኘም ነው። ከ23 ሰው 8ቱ 34.7826 በመቶ አይደሉም፤ 35 በመቶ ይበቃል።

በመጨረሻ፣ ተጠርዞ የቀረበ ጥናት ምዕራፍ ሦስቱ «መረጃው ይሰበሰባል፣ ይተነተናል» እያለ ሲገኝ ፕሮፖዛሉ እንዳለ መገልበጡን ያጋልጣል። «ተሰብስቧል፣ ተተንትኗል» አድርጉት። ግሱን ስታርሙ ቁጥሩንም እዩ፤ 300 ሊሞላ ታቅዶ 271 ብቻ ከተመለሰ የሚጻፈው 271 ነው፣ የቀሩት 29 ለምን እንደቀሩም ጭምር።