የሳተርንን ቀለበት በትንሽ ቴሌስኮፕ ለማየት

ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስና ኔፕቱን አራቱም ቀለበት አላቸው። በትንሽ ቴሌስኮፕ የሚታየው ግን የሳተርን ብቻ ነው። የጁፒተር ቀለበት ከደቃቅ አቧራ የተሠራ በመሆኑ በ1979 እ.ኤ.አ. ቮያጀር 1 መንኮራኩር ፎቶ እስካነሳችው ድረስ አልታወቀም ነበር። የዩራነስም በ1977 የተገኘው ፕላኔቱ በአንድ ኮከብ ፊት ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን ደጋግሞ በመቋረጡ ነው። የሳተርን ቀለበት አብዛኛው የውሃ በረዶ ስለሆነ የፀሐይን ብርሃን አጥብቆ ያንጸባርቃል።

ለመጀመር የፊት ሌንሱ ስፋት 60 ሚሊ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ይበቃል። ማጉላቱን ለማወቅ የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት (ከሌንሱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ ያለውን ርቀት) ዓይንዎን በሚያስጠጉበት የዓይን ሌንስ የትኩረት ርቀት ያካፍሉ፤ 700 ሚሊ ሜትር ለ10 ሚሊ ሜትር ሲካፈል 70 እጥፍ ይሆናል። በ25 እጥፍ ፕላኔቱ ሞላላ ሆኖ ቀለበቱ መለየት ይጀምራል፤ ከ50 እጥፍ በላይ ግልጽ ነው። ከሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ሁለት እጥፍ በላይ ማጉላት ምስሉን ያደበዝዘዋል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይም፤ ስለዚህ ካርቶን ላይ በተጻፈ የብዙ መቶ እጥፍ ማጉላት አይታለሉ።

ፈላጊ መነጽሩን፣ ማለትም ለማነጣጠር ከቴሌስኮፑ ጋር የተያያዘውን ትንሽ መነጽር፣ በቀን ያስተካክሉ። ከፀሐይ በተቃራኒ አቅጣጫ ያለ የሩቅ ምሰሶ ጫፍ በዋናው ሌንስ መሐል ያድርጉና የፈላጊውን ብሎኖች እያዞሩ ያንኑ ጫፍ መስቀሉ ላይ ያምጡት። ቴሌስኮፕን ወደ ፀሐይ ፈጽሞ አያዙሩ፤ ዓይንን ወዲያው ያጠፋል።

ማታ መሣሪያውን ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ውጭ አስቀድመው ያኑሩት። ቱቦው ውስጥ የቀረው ሞቃት አየር ምስሉን ያንቀጠቅጠዋልና። በመስኮት መስተዋት በኩል ማየትም፣ ሙቀት በሚወጣበት ጣሪያ ላይ አሻግሮ ማየትም ተመሳሳይ ጉዳት አለው። ሳተርን ከአድማስ ቢያንስ 30 ዲግሪ ከፍ ሲል ይመልከቱ። ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል፤ እንደ ከዋክብትም ብዙ አይርገበገብም።

በመጀመሪያ ትልቁን ቁጥር የያዘውን የዓይን ሌንስ (25 ወይም 20 ሚሊ ሜትር) ይጠቀሙ፤ ፕላኔቱን መሐል ካደረጉ በኋላ ነው ወደ 10 የሚቀይሩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በቀጥታ በከፍተኛ ማጉላት ስለሚጀምር ጠባብ እይታ ውስጥ ሳተርንን ማግኘት ያቅተዋል። መሬት ስለምትዞር በ100 እጥፍ ፕላኔቱ በሁለት ደቂቃ ገደማ ከእይታው ይወጣል። ስለዚህ ቴሌስኮፑን ትንሽ አስቀድመው ያዙሩት፤ ከዚያ እጅዎን አንስተው ሳተርን በራሱ እንዲያልፍ ይጠብቁ። መቆሚያው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እግሮቹን ያሳጥሩና ክብደት ያንጠልጥሉበት። አየሩ ለቅጽበት ይረጋል፤ ዝርዝሩ የሚታየው በዚያች ቅጽበት ስለሆነ ትዕግሥት ከማጉላት ይበልጣል።

ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ባለው ቴሌስኮፕ በ100 ወይም 150 እጥፍ፣ ቀለበቱን ለሁለት የሚከፍለውን ጥቁር መስመር፣ የካሲኒን ክፍተት ይፈልጉ። በመጀመሪያ የሚታየው በሁለቱ የቀለበት ጫፎች ላይ ነው። ቀለበቱ ጠባብ በሚሆንባቸው ዓመታት ግን መስመሩን መለየት ይከብዳል። ቀለበቱ ወደ እኛ በጎኑ የሚዞረው በየ15 ዓመቱ ገደማ ሲሆን የቅርቡ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያ ወዲህ እየተከፈተ ነው፤ በ2032 አካባቢ በሰፊው ይገለጣል። በዓመቱ ምርጥ የሚባለው ጊዜ ሳተርን ከፀሐይ በተቃራኒ የሚሆንበት ነው፤ በ2026 ጥቅምት 4 እ.ኤ.አ. ላይ ይውላል፣ በየዓመቱም በሁለት ሳምንት ገደማ ይዘገያል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ወራት ምሽት ላይ ከፍ ብሎ ይገኛል።

በሳተርን አጠገብ ኮከብ የምትመስል ነጥብ ካዩ ትልቋ ጨረቃው ታይታን ልትሆን ትችላለች። ቦታዋን በወረቀት ይሳሉ፤ ሳተርንን በ16 ቀን ስለምትዞረው ከ8 ቀን በኋላ በተቃራኒው ወገን ያገኟታል።