ማታ በትንሽ አውሮፕላን ሲበር፦ የስክሪን ችግሮችና መፍትሄያቸው

ይህ ጽሑፍ ጋርሚን ጂ1000 (መለኪያዎቹን ሁሉ በሁለት ስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) የተገጠመለትን ሴስና 172 የተባለ ትንሽ አውሮፕላን ለሚያበሩ፣ በተለይም የማታ በረራ ገና ለጀመሩ ነው። ሌላ ዓይነት ስክሪን ያላችሁም ብዙው ነገር ይሠራላችኋል፤ የቁልፎቹ ቦታ ግን ይለያያል። የአውሮፕላናችሁ መመሪያ መጽሐፍ ሌላ ነገር ካለ መጽሐፉን ስሙ።

ማታ ስክሪን አስቸገረኝ የሚለው አብራሪ አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት አልገጠመውም። ስክሪኑ በደንብ እየሠራ ነው፤ የተቸገረው ዓይኑ ነው። ስለዚህ ከዓይን እንጀምር።

“ውጭው ድፍን ጥቁር ሆነብኝ”

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የስክሪኑ ብርሃን ነው። በጨለማ የሚያዩልን የዓይን ሴሎች ሙሉ አቅማቸው ላይ ለመድረስ 30 ደቂቃ ያህል ይፈጅባቸዋል። ያንን ሁሉ ለማበላሸት ግን ጥቂት ሰከንድ ደማቅ ብርሃን ይበቃል። ጂ1000 በዙሪያው ያለውን ብርሃን እየለካ ራሱን የሚያደበዝዝበት ሴንሰር አለው። ነገር ግን አውሮፕላኑ ፓውዛ ስር ቆሞ ሲነሣ ሴንሰሩ የሚያየው ፓውዛውን ነው። ስክሪኑም በዚያው ልክ ይደምቃል። እናንተ ደግሞ ቼክሊስቱን ስታነቡ በዚያ ብርሃን ላይ ስታፈጡ ትቆያላችሁ።

መፍትሄው ለአውቶማቲኩ አለመተው ነው። ከፓውዛው ራቅ እንዳላችሁ ሁለቱንም ስክሪኖች በእጃችሁ ቀንሱ። ሰው የፊቱን ቀንሶ ካርታ ያለበትን የቀኙን ይረሳል። ልኩን እንዲህ እወቁት፦ የፍጥነቱን ቁጥር ሳትቸገሩ ታነባላችሁ፤ ቀና ስትሉ ደግሞ አውሮፕላን ወደ ማኮብኮቢያው የሚሄድበት የታክሲ መንገድ ሰማያዊ መብራቶች ወዲያው ይታያችኋል። ቀና ብላችሁ ለአፍታ እንኳ ከደነገዘባችሁ አሁንም ደማቅ ነው፤ እንደገና ቀንሱ። አየር ላይ ከወጣችሁና የከተማውን መብራት ከተዋችሁ በኋላም አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጉት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተሻለ ጭናችሁ ላይ ያለውን ታብሌት ተመልከቱ። እኔ ዋናው ጥፋተኛ እሱ ነው ባይ ነኝ። ፊታችሁ ካለው ስክሪን ይልቅ ለዓይናችሁ ይቀርባል፤ ነጭ ገጽ ሲከፈትበት ኮክፒቱ በሙሉ ቦግ ይላል። የካርታውን ጥቁር ገጽታ ምረጡ፤ ብርሃኑን መጨረሻው ድረስ አውርዱ፤ ሳትፈልጉት ግልብጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የመስኮቱ መስታወት ላይ የስክሪን ምስል ተደርቦ የሚያስቸግራችሁም ብዙውን ጊዜ ከእሱ የሚመጣ ነው።

የእጅ ባትሪን በተመለከተ ብዙ ሰው ቀይ ብርሃን ብቻ ያዙ ይላል። ቀይ ብርሃን ጨለማ የለመደን ዓይን ብዙም አይጎዳም፤ እውነት ነው። ግን በወረቀት ካርታ ላይ ቀይና ሐምራዊ መስመሮችን ይበላቸዋል። ለካርታ ደብዘዝ ያለ ነጭ ይሻላል። ደማቅ መብራት ማብራት ግድ ከሆነባችሁ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ።

ብርሃኑ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ነገሩ ግራጫ ከሆነባችሁ ከፍታችሁን እዩ። የዓይን የማየት አቅም ማታ በኦክስጅን እጥረት ቶሎ ይጎዳል። የአሜሪካው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ማታ ከ5,000 ጫማ በላይ ኦክስጅን መጠቀምን ይመክራል። የቦሌ ማኮብኮቢያ ራሱ 7,600 ጫማ ገደማ ላይ መሆኑን ስታስቡ፣ በደጋ አገር የሚበር ሰው ይህን ቁጥር መሬት ሳይለቅ አልፎታል ማለት ነው። ሲጋራ ደግሞ ያባብሰዋል።

“ሰውነቴ እየዞርን ነው ይላል፣ ስክሪኑ ቀጥ ብለናል ይላል”

ስክሪኑን እመኑ። ውስጠኛው ጆሮ ቀስ ያለ ዙረትን አይሰማም፤ ሲሰማም ዘግይቶና ገልብጦ ነው። ቀን አድማሱ ያርመዋል። ማታ አድማስ የለም።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምትበሩ ይህን ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ታገኙታላችሁ። የአናፖሊሱን ድልድይ ስታልፉ የመኪኖቹ መብራት እንደ ክር ተዘርግቶ ይታያል። ከዚያ በኋላ ውሃውና የማዶው እርሻ አንድ ጥቁር ይሆናሉ፤ የጀልባ መብራት ኮከብ ይመስላል። ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ ከኦሽን ሲቲ ወደ ውቅያኖሱ ስትነሡ ደግሞ ይብሳል። ፍጥነት ሲጨምር ሰውነት የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ላይ የተቀሰረ ይመስለዋል፤ እጅም ሳይታወቀው አውሮፕላኑን ወደ ታች ይገፋዋል። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ጁኒየር እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1999 ራሱ እያበረ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት አጠገብ ከባለቤቱና ከእህቷ ጋር ያለቀው በእንዲህ ያለ ጨለማ፣ ውሃ ላይ ነው። መርማሪዎቹ አውሮፕላኑ ላይ ብልሽት አላገኙም።

የሚደረገው፦ ከማኮብኮቢያው እንደተላቀቃችሁ ዓይናችሁን ወደ ስክሪኑ አድማስ መልሱ፤ ክንፉን ቀጥ፣ አፍንጫውን ለመውጫ በሚሆን ልክ ያዙ። ከፍታው እየጨመረ መሆኑን አረጋግጡ። ራሳችሁን በድንገት አታዙሩ፤ የወደቀ እስክሪብቶ ለማንሣት አታጎንብሱ። ኦቶፓይለት ካለ መጠቀም ነውር የለውም።

“አንድ መብራት ቦታውን እየቀያየረ ነው”

በጨለማ አንድ ነጥብ ላይ ስታፈጡ ነጥቡ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። አታፍጡ። ዓይናችሁን አንቀሳቅሱ፤ ከመብራቱ ትንሽ ጎን ተመልከቱ። ስክሪኑ ላይ ትራፊክ ካለ አመሳክሩ።

“ለማረፍ ስቃረብ በጣም ከፍ ያልኩ መሰለኝ”

ማኮብኮቢያው በጨለማ ሜዳ ወይም ውሃ መሃል ብቻውን ሲበራ ዓይን ይሳሳታል፤ አብራሪው ዝቅ ብሎ ይመጣል። ፓፒ (ማኮብኮቢያው ጎን ሆኖ የአወራረዱን ልክ የሚያሳይ የአራት መብራት ረድፍ) ካለ እሱን ተከተሉ፦ ሁለት ነጭ፣ ሁለት ቀይ። ሦስተኛው ቀይ ከሆነ መውረዱን አቁሙ። ፓፒ ከሌለ በስክሪኑ ላይ ርቀቱን ከከፍታው ጋር አስተያዩ፤ በአንድ ኖቲካል ማይል ከማኮብኮቢያው በላይ 300 ጫማ ያህል ቢኖራችሁ ደህና ነው። ስክሪኑ የሚስለው ተራራና ማኮብኮቢያ ግን ያምራል እንጂ ለማረፊያ አይደለም።

የማኮብኮቢያው መብራት ጭራሹኑ ካልታየ፣ ብዙ የአሜሪካ ትናንሽ የአውሮፕላን ሜዳዎች ላይ የሬዲዮውን ቁልፍ በ5 ሰከንድ ውስጥ 7 ጊዜ መጫን ያበራዋል።

“ስክሪኑ ላይ ቀይ ኤክስ መጣ” / “ስክሪኑ ጠፋ”

የአሜሪካው የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት፣ ስክሪን ያላቸው ትናንሽ አውሮፕላኖች ጠቅላላ አደጋቸው ያነሰ፣ ሰው የሚሞትበት አደጋቸው ግን የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ቦርዱ አብራሪዎች የስክሪን ብልሽትን በትክክል እንዲሠለጥኑበት አሳስቧል። እኔም ይህን ክፍል አስተማሪ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ እንድትለማመዱት እለምናችኋለሁ።

ቀይ ኤክሱ ያለበት ቦታ ምን እንደተበላሸ ይነግራችኋል። አድማሱ ላይ ከሆነ የአውሮፕላኑን ማዘንበልና መቀናት የሚለካው ክፍል ነው። ፍጥነትና ከፍታ አብረው ከጠፉ የአየር መረጃው ኮምፒውተር ነው። በሁለቱም መጀመሪያ ክንፉን ቀጥ አድርጉና ወደ መጠባበቂያዎቹ መለኪያዎች ተሻገሩ፤ ከዚያ ብሬከሩን (የኤሌክትሪክ ቆራጩን) ተመልከቱ።

የፊቱ ስክሪን ጭልም ካለ መለኪያዎቹ ወደ ቀኙ መሄድ አለባቸው። ካልሄዱ በሁለቱ ስክሪኖች መሃል፣ ከኦዲዮው ፓነል ግርጌ ያለውን ቀዩን ቁልፍ ተጫኑ። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ሬዲዮም አብሮ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ተናገሩ። ቁልፉን በጨለማ በዳሰሳ ማግኘት አለባችሁ፤ መሬት ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሞክሩት።

“ሎው ቮልትስ የሚል ማስጠንቀቂያ በራ”

ቮልቴጁ ወርዷል ማለት ነው፤ ባትሪው እየተሞላ አይደለም። ባትሪውን የሚሞላውን አልተርኔተር ብቻ አጥፉ፤ “ፊልድ” የሚባለው የአልተርኔተሩ ብሬከር መግባቱን እዩ፤ መልሳችሁ አብሩ። ቮልቴጁ ካልተመለሰ አልተርኔተሩን አጥፉና ሸክም ቀንሱ። የማረፊያው መብራት፣ የፒቶው (የፍጥነት መለኪያው ቱቦ) ማሞቂያ፣ ስልክ መሙያው ይጥፉ። ቅርብ ወዳለና መብራት ወዳለው ሜዳ ሂዱ። ቤት ልድረስ አትበሉ።

ዋናው ባትሪ ሲደክም መጠባበቂያው ባትሪ የፊቱን ስክሪን ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲያቆይ ነው የተሠራው። ይህ የሚሆነው ግን ሞተር ሳይነሣ ከተፈተነ ነው። ማብሪያውን ወደ መፈተኛው ይዛችሁ ቁጠሩ፤ አረንጓዴው መብራት 10 ሰከንድ ሙሉ ካልቆየ ያን ማታ አትነሡ።