ራስን ሳይቀይሩ በኢንተርኔት ስም ማትረፍ፦ ከጎጃም ለሚጀምሩ

ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ ወይም ሞጣ ተቀምጠው በቴሌግራምና በቲክቶክ መታወቅ ፈልገዋል እንበል። ማር ይሸጡ ይሆናል፣ ልብስ ይሰፉ ይሆናል፣ ሒሳብ ያስጠኑ ይሆናል። ለመብራትና ለማይክ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። ተከታይ ከመጣ በኋላ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ስለዚህ የማያደርጉትን ነገር አሁኑኑ ይወስኑ።

1. የማያደርጉትን ይጻፉ

ሦስት አራት ነገር ይበቃል። «ያልሞከርኩትን ዕቃ አላስተዋውቅም»፣ «ሰው ሳላስፈቅድ አልቀርጽም»፣ «ለተቸገረ ሰው ስሰጥ ካሜራ አላበራም»። «ታማኝነት» ወይም «ጥራት» ብለው አይጻፉ፤ ያንንማ አጭበርባሪውም ይላል። እያንዳንዱን መስመር እንዲህ ይፈትኑት፦ ይህን እምቢ በማለቴ የሚቀርብኝ ገንዘብ ወይም እይታ አለ? ከሌለ ይሰርዙት።

2. የሚያውቁትን ያሳዩ

ማር እንውሰድ። ብዙ ገዢ ማር ረግቶ ሲያይ «ስኳር ገብቶበታል» ይላል። ንጹሕ ማርም ግን ይረጋል፣ በተለይ በደጋ ብርድ፤ በውስጡ ያለው ግሉኮስ ይጠጥራልና። መርጋቱ ብቻውን ንጹሕ መሆኑንም መበረዙንም አይነግርዎትም። እንዲህ ያለውን ነገር በስልክዎ ቀርጸው ያሳዩ። ዕቃውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ማሩ ቀስ እያለ ሲፈታ ሰው ይይ።

ማሩ መቼና የት እንደተቆረጠም ይናገሩ። ዋናው ቆረጣ አደይ አበባው ካበበ በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ሲያልቅብዎት «አልቋል» ብለው ይለጥፉ። ከሌላ ነጋዴ ካመጡም የሌላ መሆኑን ይናገሩ። «ጨጓራ ይፈውሳል፣ ስኳር በሽታ ያጠፋል» የሚለውን ደግሞ ይተውት። እይታ እንደሚያመጣ አያጠራጥርም፤ ግን አንዱ አምኖዎት መድኃኒቱን ቢያቆምስ?

3. በራስዎ አነጋገር ያውሩ

«ሰላም ሰላም ቤተሰብ፣ ላይክ ሼር አድርጉ» እያሉ የአዲስ አበባ ዩቲዩበር ለመምሰል አይድከሙ። የጎጃም አነጋገርዎ ይሰማ፤ ማሩም ከዚያው ነው። ሐሳብም አይቅዱ። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ተማሪ ለመምህሩ የሚነግረው ራሱ የቆጠረውን ነው፤ የሰው ቅኔ ይዞ ቢቀርብ ያፍራል። ቪዲዮም ላይ ይሄ ሕግ ቢሠራ ደስ ይለኝ ነበር።

4. የተከፈለዎትን ይናገሩ

ማስታወቂያ ከሆነ «ተከፍሎኝ ነው» ይበሉ፣ መጀመሪያው ላይ። በቃ።

5. ሳያጣሩ አያጋሩ

ይሄኛው ከሥነ ምግባርም በላይ ነው። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ሐሰተኛ መረጃን ማሰራጨት ወንጀል አድርጎታል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ማር የሚሸጥ ሰው ስለ ጦርነት ወሬ የመጀመሪያው ተናጋሪ መሆን የለበትም። ብሔርን የሚሰድብ አስተያየት ከሥርዎ ከተጻፈ ያጥፉት። ከሰውየው ጋር አይከራከሩ፤ ክርክሩ እይታ ይጨምርልዎት ይሆናል፣ ደንበኛ ግን አይጨምርም።

6. ስምዎን ኢንተርኔት ላይ ብቻ አያስቀምጡ

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር እናስታውሳለን። ሥራው ሁሉ ቴሌግራም ላይ የነበረ ሰው ደንበኛውን በምን ያገኛል? ስለዚህ የደንበኞችዎን ስልክ ፈቃድ ጠይቀው በደብተር ይያዙ። በገበያ ቀን የሚቀመጡበትን ቦታ አይቀያይሩ። ዕቃው ላይ ስምዎንና ስልክዎን ይለጥፉ። የደንበኛን ቁጥር ግን ለዘመድም ቢሆን ለሌላ ነጋዴ አይስጡ፤ ሰው ቁጥሩን የሰጠው ለእርስዎ ነው።