ለአገር ለውጥ የሚሰጡ የውጭ የትምህርት ዕድሎች፦ ከጅማ የሚያመለክቱ ወጣቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእንግሊዙ ቺቭኒንግ፣ የአሜሪካው ፉልብራይት ወይም የጀርመኑ የሄልሙት ሽሚት መርሐ ግብር የሚባሉት የውጭ የትምህርት ዕድሎች በውጤት ብቻ አይሰጡም፤ አመልካቹ ተምሮ ሲመለስ በአገሩ የትኛውን ነገር እንደሚያስተካክል ይጠይቃሉ። እኔ እንደማየው፣ ብዙ ጎበዝ ተመራቂዎቻችንን የሚጥላቸው እንግሊዝኛው ሳይሆን ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ስለ አገር በጥቅሉ መጻፍ ነው። «ሙስናን እታገላለሁ፣ የአገሬን ኢኮኖሚ እለውጣለሁ» የሚል የማመልከቻ ድርሰት ከየትኛውም አገር ሊመጣ ስለሚችል ገምጋሚው ጸሐፊውን ከሌላው የሚለይበት ነገር አያገኝም። በጅማ ዞን የጎማ ወይም የማና ወረዳ ልጅ ግን አርሶ አደሩ እሸት ቡናውን ለመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሲያስረክብ፣ የትርፍ ክፍፍሉ ሲዘገይበት፣ በክረምት ገንዘብ ሲቸግረው ደግሞ ገና ዛፍ ላይ ያለውን ቡና ለነጋዴ በርካሽ ሲሸጥ እያየ አድጓል። በአንድ ማኅበር የሚዛን መዝገቡን ተከታትሎ አርሶ አደሩ በኪሎው ልክ ደረሰኝ እንዲያገኝ የታገለ ወጣት፣ ማን እንደተቃወመው፣ ማንን እንዳሳመነና ምን እንዳልተሳካለት ቢጽፍ፣ ነገሩ ጥቂት ቢመስልም ለውጥ የማምጣት አቅሙን የሚያስረዳለት እሱ ነው። ቀጥሎም የመረጠው ትምህርት፣ ለምሳሌ የኅብረት ሥራ አስተዳደር፣ ያልተሳካውን እንዴት እንደሚሞላለት ማሳየት ይኖርበታል። ችግሩ፣ የእሱ ድርሻና ትምህርቱ ካልተያያዙ ድርሰቱ ባዶ ምኞት ይሆናል።

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው ስህተት ያለንን አለመቁጠር ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ጀምሮ የጅማ ዩኒቨርሲቲ መለያ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው፤ ተማሪው በሲቢቲፒ (ማኅበረሰብ ተኮር የመስክ ሥልጠና) ቤት ለቤት መረጃ ይሰበስባል፣ ችግሮችን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፣ ከነዋሪው ጋር መፍትሔ ይሞክራል። የጤና ተማሪዎችም በቲቲፒ (የቡድን የመስክ ሥልጠና) ከሌሎች ሙያዎች ጋር ተቀናጅተው በጤና ጣቢያ ይሠራሉ። ይህ ሁሉ «ኮርስ ነው እኮ» እየተባለ ከድርሰት ይቀራል። የሥርዓተ ትምህርቱ አካል በመሆኑ በሥራ ልምድነት ላይቆጠር ይችላል፤ ሆኖም ያመነታ የቀበሌ ሊቀመንበርን አሳምኖ ሥራ ማስጀመር አመራር ካልሆነ፣ አመራር የሚባለው ምን እንደሆነ አላውቅም።

መስፈርቱን ሳያነቡ መድከምም አለ። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ግዛቶች የሆኑ አገሮች ማኅበር) አባል ስላልሆነች የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ለእኛ አይደለም። ቺቭኒንግ ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ የጃፓንና የዓለም ባንክ የጋራ ስኮላርሺፕ ደግሞ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሦስት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ልምዱ ሳይኖር በተመረቁ ማግስት ለእነዚህ ማመልከት ድካም ብቻ ነው።

የመመለስ ግዴታውን እንደ ወግ መቁጠር ሌላው ስህተት ነው። የቺቭኒንግ ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሊቆይ ይገባዋል፤ በፉልብራይት የጄ-1 (የልውውጥ ጎብኚዎች) ቪዛ የሄደም በመርህ ደረጃ ሁለት ዓመት በአገሩ ሳይኖር የአሜሪካ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ማግኘት አይችልም። ቤተሰብ «ከሄደ እዚያው ይቅር» ቢል አይገርምም፤ ነገር ግን ይህ ሐሳብ በልቡ ያለ አመልካች በቃለ መጠይቅ ላይ የት ቢሮ፣ በምን ኃላፊነት እንደሚሠራ ሲጠየቅ ቶሎ ይታወቅበታል።

የድጋፍ ደብዳቤን በማዕረግ መምረጥም አይጠቅም። ስምዎን እንኳ በቅጡ ከማያውቁ ፕሮፌሰር ይልቅ በመስክ ሥራ አብሮዎት የዋለ አስተማሪ ወይም የቅርብ አለቃ የሚጽፈው ይበልጣል።

ሰነድን በተመለከተ፣ የወጪ መጋራት (የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወጪ) ዕዳ ያልከፈለ ተመራቂ በእጁ ያለው ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) ብቻ መሆኑን በመጨረሻው ሳምንት ሲያስታውስ ጊዜው ያልፍበታል፤ ለተማሪው የሚሰጠው የውጤት ቅጂ (ስቱደንት ኮፒ) ዩኒቨርሲቲው አሽጎ የሚልከውን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይተካም። በፓስፖርቱና በዲግሪው ላይ የአያት ስም አጻጻፍ ከተለያየም አስቀድሞ ማስተካከል ያስፈልጋል። የመዝጊያ ሰዓቱ በግሪንዊች 12፡00 ቀትር ከሆነ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ግን ቅጹን ሁለትና ሦስት ቀን ቀድሞ መላክ ይሻላል።