የእጅ አንጓ ወለምታን ከስብራት እንዴት መለየት ይቻላል?

ሐምሌ ውስጥ ነው። ጀሪካን በግራ እጄ ይዤ ቁልቁለቱን ስወርድ ዝናብ የመታው ኮብልስቶን አንሸራተተኝ። ስወድቅ ቀኝ እጄን ዘረጋሁ፤ ክብደቴ በሙሉ መዳፌ ላይ አረፈ። እብጠቱ ያን ያህል አልነበረም፣ ጣቶቼም ይታዘዛሉ። ያየኝ ሁሉ «ወለም ብሎህ ነው» አለኝ፤ እኔም አመንኩ። በቅቤ ታሽቼ፣ በጨርቅ ታስሬ አምስት ሳምንት ከቆየሁ በኋላ ራጅ ስነሳ አጥንቴ ተሰብሮ ተገኘ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እነዚያን አምስት ሳምንታት እንዳያባክን ነው።

መጀመሪያ ወለምታ ምን እንደሆነ ይወቁ። የእጅ አንጓ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ስምንት ትንንሽ አጥንቶች አሉት። እነሱን እርስ በርስና ከክንድ አጥንቶች ጋር የሚያያይዙት ጅማቶች ናቸው። ጅማቱ ከልኩ በላይ ሲለጠጥ፣ በከፊል ሲበጠስ ወይም ጨርሶ ሲበጠስ ወለምታ እንለዋለን። ብዙዎቻችን ግን ወለምታ ማለት አጥንት ከቦታው መውጣት ይመስለንና «የሚመልስልኝ» ሰው ፍለጋ እንሄዳለን። በወለምታ ጊዜ ወደ ቦታው የሚመለስ አጥንት የለም። በእርግጥ የወጣ ነገር ካለ ውልቃት ነው፤ እሱ ደግሞ ራጅ ሳይታይ መነካት የለበትም።

ቀጥሎ እንዴት እንደተጎዱ ያስታውሱ። ዋናው መንስኤ እንደ እኔ በተዘረጋ እጅ ላይ መውደቅ ነው። ከሞተር ሳይክል የወደቀ፣ ኳስ ሲይዝ እጁ ወደ ኋላ የታጠፈበት በረኛ፣ ከባድ ዕቃ ሲያነሳ እጁ የተጠመዘዘበት ሰው ሁሉ ለዚህ ይጋለጣል። ሳይወድቁ፣ ልብስ በመጭመቅ ወይም ሕፃን በማቀፍ ብዛት ከአውራ ጣት ሥር ቀስ በቀስ የመጣ ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ወለምታ ሳይሆን የጅማት ሽፋን መቆጣት ነው። መፍትሔውም እጅን ከዚያ ሥራ ማሳረፍ ነው።

ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት ወዲያውኑ ያውልቁ፤ እጅ ካበጠ በኋላ አይወጡም።

አሁን ዋናው ነገር። አውራ ጣትዎን ወደ ላይ ቀስረው ከሥሩ በእጅ ጀርባ በኩል ይመልከቱ። ሁለት ጅማቶች ይወጠራሉ፤ በመካከላቸው የሽንብራ ፍሬ የሚያርፍበት ያህል ጎድጓዳ ቦታ አለ። በሌላው እጅዎ አመልካች ጣት ጫፍ እዚያ ውስጥ ቀስ ብለው ይጫኑ። ቦታው በጤነኛ እጅም ትንሽ ስለሚያም ሁለቱንም እጆች ያነጻጽሩ። ከዚያ አውራ ጣትዎን ይዘው ወደ አንጓው አቅጣጫ ገፋ ያድርጉት። የተጎዳው እጅ ከጤነኛው በግልጽ የበለጠ ካመመ፣ እብጠት ባይኖርም እንኳ፣ ከስምንቱ የአንጓ አጥንቶች አንዷ፣ ስካፎይድ የተባለችው፣ ተሰብራ ልትሆን ስለምትችል ራጅ ያስፈልጋል። አጥንቷ ከለውዝ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። አብዛኛው ደሟ የሚገባው በጣት በኩል ባለው ጫፏ ሆኖ ወደ ክንድ የሚመለስ ነው፤ ወገቧ ላይ ስትሰበር በክንድ በኩል ያለው ግማሽ ደም ሊያጣና ሊሞት ይችላል። ሳይታከም የቆየ ስብራት ደግሞ ሳይገጥም ሊቀር ይችላል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ይህች ስብራት በመጀመሪያው ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች። «ምንም የለም» ተብለው ጎድጓዳው ቦታ አሁንም የሚያምዎ ከሆነ እጅዎ አውራ ጣቱን ጨምሮ ይታሰር፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜም ተመልሰው ራጅ ይነሱ። እኔ ዘግይቼ በመሄዴ ሦስት ወር በጄሶ ቆየሁ፤ ዛሬም አንጓዬ እንደ ቀድሞው ወደ ኋላ አይታጠፍም።

አንጓው ቅርጹ ከተጣመመ፣ አጥንት ወይም ቁስል ከታየ፣ ጣት ከደነዘዘ በራስዎ መሞከር አያስፈልግም፤ ሐኪም ቤት ይሂዱ። የወደቁት እናትዎ ወይም አያትዎ ከሆኑ፣ ወይም ልጅ ከሆነ፣ «ወለምታ ነው» ብለው አይተዉት። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴቶች የክንድ አጥንታቸው አንጓው አጠገብ በቀላሉ ይሰበራል፤ ልጆች ደግሞ አጥንታቸው የሚያድግበት ቦታ ሊጎዳ ይችላል።

ወለምታ መሆኑ ከታወቀ ሥራው ቀላል ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ያኑሩበት፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱም ይድገሙት። ፍሪጅ ከሌለ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ፎጣ ይሠራል። ሲተኙ እጅዎን ትራስ ላይ ከፍ ያድርጉት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት መታሸትና ሙቀት ይቅርብዎ፤ እብጠቱን ያባብሳሉ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራ ወይም ኩላሊት ለሚያመውና ለነፍሰ ጡር ስለማይስማሙ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

ለማሰሪያ ከተራ ፋሻ ይልቅ ውስጡ ብረት ያለውን የአንጓ መደገፊያ እመርጣለሁ፤ ፋሻ ወይ ይላላል ወይ ያንቃል። በፋሻ ካሰሩ ጥፍርዎን ነጭ እስኪሆን ተጭነው ይልቀቁ። ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ጠብቋል፣ ይፍቱት። ወጌሻ በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ ያሰረው እጅ ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ልጆች በአገራችን ሐኪም ቤቶች የታወቁ ናቸው። በልምዳቸው ብዙ ሰው የረዱ ወጌሾች እንዳሉ አውቃለሁ፣ አከብራቸዋለሁም። ግን የማንም ጣት በቆዳ ውስጥ አያይም። ማንም ይሰር ማን፣ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ ከባሰ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ማሰሪያውን ፈትተው ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ጣቶችዎን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያንቀሳቅሱ። ሕመሙ ሲቀንስ አንጓውን ወደ ላይና ወደ ታች ማጠፍ፣ ከዚያ የተጠቀለለ ካልሲ መጨበጥ ይጀምሩ። ቀላል ወለምታ በሁለት ሦስት ሳምንት ይሻላል። በስድስተኛው ሳምንት ቡና የሞላ ጀበና አንስተው መቅዳት ካቃተዎ፣ ወይም ሲጨብጡ አንጓው መሃል ቀጭ የሚል ድምፅ ከሕመም ጋር ከመጣ፣ ጅማቱ ጨርሶ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል የአጥንት ሐኪም ይየው።