ለልጆች ግምት ስናስተምር የምንሰራቸው ስህተቶች

ልጃችሁ 48 ሲባዛ በ21ን ሰርቶ 10,080 ብሎ ቢያመጣላችሁና ምንም ካልመሰለው ነገሩ የማባዛት ችግር ብቻ አይደለም፣ ግምት አልለመደም ማለት ነው። 50 በ20 እኮ 1,000 ነው፣ መልሱ ከዛ ብዙ ሊርቅ አይችልም (1,008 ነው)።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ግምቱን ከስሌቱ በኋላ ማምጣት ነው። ልጆች ብልጥ ናቸው፣ "ገምታችሁ ስሩ" ስትሏቸው መጀመሪያ በትክክል ይሰሩትና መልሱን አጠጋግተው ግምት የሚለው ቦታ ላይ ይጽፉታል፣ ደብተሩ ያምራል፣ አስተማሪውም ራይት አድርጎ ያልፋል፣ ግን ማንም ምንም አልገመተም። እስክሪብቶውን አስቀምጡ በሏቸው፣ በቃል ይንገሯችሁ፣ እንዴት እንደደረሱበትም ጠይቁ፣ ስሌቱ ከዛ በኋላ።

ግምት ላይ ኤክስ ማድረግም አለ። አንዱ 1,000 ሌላው 960 ቢል (48ን በ20 አባዝቶ ነው) ሁለቱም ጥሩ ገምተዋል፣ ኤክስ የተደረገበት ልጅ ሌላ ቀን ተደብቆ ነው የሚያሰላው።

ደሞ "የመጨረሻው አሃዝ 5ና ከዛ በላይ ከሆነ ወደ ላይ፣ ካነሰ ወደ ታች" የምትለዋን የማጠጋጊያ ህግ ብቻ ማስያዝ። 347 ሲካፈል ለ6 በህጉ 350 ይሆናል፣ 350ን ለ6 ማካፈል ደሞ ሌላ ራስ ምታት! 360 ብትሉት 60 ወዲያው ይመጣል፣ ትክክለኛው 58 ገደማ ነው። ገበያ ላይማ ህጉ ጭራሽ ያጋልጣል፣ ባህር ዳር ቅዳሜ ገበያ የ34፣ የ43፣ የ52ና የ64 ብር እቃ ሊገዛ የወጣ ልጅ በህጉ ሁሉንም ወደ ታች አጠጋግቶ 180 ብር ይዞ ቢሄድ ሂሳቡ 193 ነው፣ 13 ብር ጎደለው። ሊከፍል ሲሄድ ወደ ላይ ያጠጋጋ፣ ምን ችግር አለው?

መነሻ ሳይሰጡ "ስንት ይመስልሃል?" ብሎ መጠየቅም ግምት አይባልም፣ ያገኘውን ቁጥር ይጠራላችኋል። ቤት ያለውን የጤፍ ጆንያ አሳዩትና ሙሉው ኩንታል 100 ኪሎ ነው፣ አሁን ስንት ቀረ በሉት። ክፍሉን በእርምጃ ይገምት፣ ከዛ በሜትር ለኩት። ከደብረ ማርቆስ ባህር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መኪናው በሰዓት 50 ቢሄድ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ጠይቁት፣ "5 ሰዓት ከምናምን" ካለ በቃ፣ ደቂቃውን አትጨቅጭቁት።