የድሮ ፒያኖ ቅጂ ሪማስተሮች፦ የቱን ልውሰድ?
ድሮ በሸክላ የተቀዳን አንድ የፒያኖ ቅጂ አራት ኩባንያ አራት ዓይነት አድርጎ፣ ድምፁን አድሶ ያወጣዋል፤ ሪማስተር የሚባለው ይሄ ነው። ሁሉም «ታድሷል፣ ጸድቷል» ይላሉ። ታዲያ የቱ ይሻላል? እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ስቱዲዮ የለኝም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ላፕቶፕና ባለገመድ ኢርፎን ነው ያለኝ። ብሉቱዝ አልመክርም፤ እሱ ራሱ ድምፁን ስለሚጨምቀው የማንን ሥራ እየሰማችሁ እንደሆነ አይታወቅም።

መጀመሪያ አጨዋወቱ አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ አልፍሬድ ኮርቶ የሾፓንን ፕሬሉዶች (አጫጭር የፒያኖ ድርሰቶች ናቸው) በ1926ም በ1933ም (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ቀድቷል። የ1926ቱን ከ1933ቱ ጋር አስቀምጦ «ይሄኛው ሪማስተር ጥርት ይላል» ማለት ዋጋ የለውም።

የእኔ መፈተኛ ፒያኖ ተጫዋቹ አርቱር ሽናቤል ነው። ከ1932 እስከ 1935 የቤትሆቨንን 32 ሶናታዎች ለንደን፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ቀድቷል። የምወስደው የመጨረሻውን ሶናታ፣ የኦፐስ 111ን (የድርሰቱ ቁጥር ነው) ሁለተኛ ክፍል ነው። አጀማመሩ ዝግ ያለና ጸጥ ያለ ስለሆነ ምንም አይደበቅበትም።

ከዚያ የምታወዳድሯቸውን የሁለቱን ሪማስተሮች የድምፅ ከፍታ እኩል አድርጉ። ይህችን ከዘለላችሁ የቀረው ልፋት ከንቱ ነው። ጆሮ ጮክ ያለውን ይወዳል፤ የአንድ ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ልዩነት እንኳ ያታልለዋል። ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሁለቱን ከላይና ከታች ደርድሩና ጮክ ያለውን ዝቅ አድርጉት። እኩል የምታደርጉት ግን ፒያኖውን ነው፣ የሸክላውን ጫጫታ አይደለም።

አሁን ሠላሳ ሴኮንድ ያህል ቆርጣችሁ ደጋግማችሁ ስሙ። ሙሉውን ከከፈታችሁ ሙዚቃው ይዟችሁ ይሄዳል። አንድ ኖታ ተመትቶ እየከሰመ ሲሄድ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ሸክላ መቼም ትኩስ ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት ይንጫጫል። ጥሩ ሪማስተር ላይ ኖታው ቀስ እያለ ጫጫታው ውስጥ ይሰምጣል፤ ጫጫታውም እንዳለ ይቀጥላል። ከመጠን በላይ የጸዳው ላይ ግን ኖታው ሳይጨርስ ቁርጥ ይላል፣ ጫጫታውም አብሮት ይጠፋል። ቀጣዩ ኖታ ሲመጣ ደግሞ ሽው ብሎ ይመለሳል። ይሄን አንዴ ከሰማችሁ በኋላ አለመስማት አይቻልም! ፒያኖው ውስጥ ክሩን የሚመታውን የመዶሻውንም ምት ስሙ። ያቺ የመጀመሪያዋ «ጠቅ» ከጠፋች ፒያኖው ደንዝዟል። ጫጫታውና የፒያኖው ቀጭን ድምፅ ጎረቤት ናቸው፤ አንዱን ሲጠርጉት ሌላው አብሮ ይጠረጋል።

ፐርል የተባለው ኩባንያ ጫጫታውን ብዙም ባለመንካት ይታወቃል። ፕሪስቲን ክላሲካል ደግሞ ዘመናዊ ቅጂን እንደ ናሙና እያየ የድምፁን ሚዛን ያስተካክላል። የኔ ጆሮ ለመጀመሪያው ያደላል። ጫጫታ የማይችል ሰው በሁለተኛው ቢደሰት አልፈርድበትም።

ስታዳምጡ የቱ የማን እንደሆነ ባታውቁ ይሻላል። እኔ የእህቴን ልጅ «እየቀያየርክ ክፈትልኝ፣ ስሙን እንዳትነግረኝ» እለዋለሁ። ደግሞ መብራት ሲጠፋ ነው ደስ የሚለው። ምድር ቤት ብረት የሚቆርጡት ልጆች ያርፋሉ፣ ፍሪጁም ዝም ይላል፣ ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራል።

የሚቀረው ፍጥነት ነው። «78» የተባለ ሸክላ ሁሉ በትክክል በደቂቃ በ78 ዙር አልተቀዳም። በ80 የተቀዳው በ78 ከዞረ ድምፁ ግማሽ ሰሚቶን (ሰሚቶን ከአንድ የፒያኖ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ያለው ርቀት ነው) ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ይወርዳል፤ አጨዋወቱም ይንቀራፈፋል። ክራር የሚቃኙበት የስልክ አፕ እዚህ ይጠቅማል። ረዘም ያለ ኖታ ፈልጉና በሁለቱም ሪማስተር ለኩት። አንዱ የሸክላ ገጽ ቢበዛ ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ረጅም ክፍል ከብዙ ገጽ ተቀጥሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ ከመጋጠሚያው በፊትም በኋላም ለኩ። ቅኝቱ እዚያ ላይ ዘለል ካለ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም እኔ ያንን አልገዛም።